በጸሎት ዝርዝር ላይ ያስጻፍኩት በሽታ

ውድ ልጄ፣

ሰው ደብዳቤ ሲጀምር «እኔ ደህና ነኝ» ይላል፤ ደህና ባይሆንም ይላል። እኔም ደህና ነኝ። አንቺ ግን ይህችን ቃል እንደ ሰላምታ አንብበሽ እንዳታልፊያት፤ የደብዳቤው ዋና ነገር እሷ ናት። ደረቴ ደህና ነው። ልቤ ደህና ነው። ትናንት አንድ ጀሪካን ውሃ ከታችኛው ቧንቧ እስከ ቤት ድረስ መሬት ሳላስነካ ተሸክሜያለሁ። «አባትሽ በጠና ታመዋል» ተብሎ የተጻፈልሽ ውሸት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ አልዋሸሽም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ያለውን ተቀምጠሽ አንብቢው። ባልሽም ይስማው። ልጆቹ ግን ባይሰሙት ይሻለኛል፤ አያታቸው እኔ መሆኔን ገና የሚያስታውሱ ከሆነ ማለቴ ነው።

የወንጌል መልእክተኛ ሆነሽ ካለሽበት አገር ለቤተ ክርስቲያኑ የምትልኪው ደብዳቤ በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ለጉባኤው እንደሚነበብ ታውቂያለሽ። የማታውቂው እኔ እንዴት እንደምሰማው ነው። ጠዋት ተነስቼ ፂሜን እላጫለሁ፣ ኮቴን እቦርሻለሁ፣ ከፊት ሦስተኛው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። መጋቢው መነጽሩን ያደርግና «የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ» ብሎ ያንቺን ቃል ይጀምራል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየኛል። እኔም ቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ። ምን አውቄ! እነሱ ሲሰሙ ነው የምሰማው። የልጅ ልጄ ጥርሱ መውለቁን ከአራት መቶ ሰው ጋር ነው የሰማሁት። ከጎኔ የሚቀመጠው ዳቦ ጋጋሪ ከኔ ቀድሞ «እሰይ!» አለ። በፖስታው ውስጥ ለኔ የምትመጣው ወረቀት አራት መስመር ናት። «አባዬ እንዴት ነህ፣ እኛ ደህና ነን፣ ዝርዝሩን ከቤተ ክርስቲያን ትሰማዋለህ፣ እንወድሃለን።» ዝርዝሩ ለነሱ፣ ጥቅሉ ለኔ።

ይህንን ለኮሚቴው ጸሐፊ ብነግራት ሳቀች።

«አባባ፣ ልጅዎ እኮ የሁላችንም ልጅ ናት።»

«የሁላችሁም ከሆነች እናቷ የሞተች ጊዜ ፀጉሯን ማን ጎነጎነላት?»

«ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! ጠማማ ነበር፣ ግን ጎንጉኛለሁ።»

ባልሽ ወጣቶቹን ስለ ኤድስ እንዴት እንደሚያስተምራቸው የጻፍሽው ጊዜም እንደዚያው ነው። መጋቢው መታቀብን አነበበ፣ መታመንን አነበበ፣ ቀጥሎ ካለችው ቃል ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገና «እንዲሁም ስለ ሌሎች ዘዴዎች» ብሎ አለፈ። «የምን ዘዴ?» አለች አንዲት ድምፅ ከኋላ። እማማ ሬዲዮ ናት። አትረሻትም መቼም፤ ከፀጉር ማስተካከያ ቤቴ ፊት ለፊት ያለችው፣ የሰፈሩን ወሬ ትኩሱን የምታድለው። «ሌላ ዘዴ» አለ መጋቢው። ዳቦ ጋጋሪው በጆሮዬ «ኮንዶም ነው» አለኝ። «አውቃለሁ፣ የጻፈችው ልጄ ናት» አልኩት። አላውቅም ነበር።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ሽማግሌው ሲመጣ ነው።

መጀመሪያ «ዘበኛችን» ብለሽ ነበር የጻፍሽው። አንቺ የምትሠሪበትን የምርመራ ቤት በር የሚጠብቅ፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በሽታው የወሰደበት፣ እሱም ቫይረሱ በደሙ ያለ፣ መድኃኒቱን ካንቺ እጅ ካልሆነ የማይውጥ። እንደ ሰው አዘንኩለት። በሚቀጥለው ወር «ሽማግሌያችን» ሆነ። በሦስተኛው ወር «አባባ» ሆነ። ሰውዬው በደብዳቤ ውስጥ ሹመት እያገኘ ሄደ። ቀጥሎ ፎቶ መጣ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፉት። የልጅ ልጄ ሚጢጢ ከሽማግሌው ጉልበት ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ፂሙን ይዛለች። ከሥሩ በገዛ እጅሽ «ሚጢጢ ከአያቷ ጋር» ይላል። እማማ ሬዲዮ መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ መልሳ አደረገች።

«አንተ! ምነው ፎቶ ላይ እንዲህ ከሳህ?»

«እኔ አይደለሁም።»

«አያቷ ይላል እኮ።»

«እኔ አይደለሁም አልኩሽ!»

«ታዲያ ይህች ልጅ ስንት አያት ነው ያላት?» ብላ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ሕዝቡም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እንዴት እንደሚሳቅ ታውቂ የለ፣ ጥርስ ብቻ።

ከዚያ ያቺ ደብዳቤ መጣች። መጋቢው ሲያነብ የሰማሁትን እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ። «እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ነኝ የምላጫቸው። ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሬ ፊታቸው ላይ አደርጋለሁ። ጉንጫቸውን በአውራ ጣቴ ወደ ላይ ወጥሬ እጀምራለሁ። ላይኛው ከንፈር ላይ ስደርስ 'ከንፈርዎን በጥርስዎ ላይ ወጠር ያድርጉ' እላቸዋለሁ። ከታመሙ ወዲህ ፊታቸውን ሰው ነክቷቸው ስለማያውቅ በመጀመሪያው ቀን አለቀሱ።»

ሴቶቹ ሁሉ መሐረብ አወጡ። እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። «ከንፈርዎን በጥርስዎ ላይ ወጠር ያድርጉ» የኔ ቃል ነው! አርባ ዓመት ሙሉ ለሀብታም ለድሃው ያልኩት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆንሽ ፊኛ ነፍተን፣ ሳሙና ቀብተን፣ ምላጭ አስይዤሽ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ፊኛ አፈነዳሽብኝ፤ በየፍንዳታው ደንበኛው ከወንበሩ ይዘላል፣ አንቺ ትስቂያለሽ። አሥራ ሁለተኛው ሳይፈነዳ ተላጨ። መስተዋቱ ላይ አሰርሽውና እስኪሟሽሽ ድረስ ማንም እንዳይነካው ከለከልሽ። ያንን እጅ ነው ለባዳ ያዋልሽው። የኔን ፂም ማን እንደሚላጨው ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? እኔው ነኝ። ዓይኔ እየደከመ፣ መንጋጋዬ መስተዋቱ ውስጥ ሁለት እየሆነብኝ። በዚያ ሰሞን ጆሮዬን ቆርጬ በደም ሸሚዝ ሱቅ ከፍቻለሁ። ለፀጉር አስተካካይ ፀጉር አስተካካይ የለውም፤ ልጅ ነበረችው።

በማግስቱ ጸሐፊዋ ዘንድ ሄድኩ።

«የጸሎት ዝርዝሩ ላይ አስገቢኝ።»

«ምነው አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ታምሜ።»

«ምንዎን?»

እዚህ ላይ አላሰብኩበትም። «ደረቴን» አልኩ።

«ቀላል ነው ወይስ ጠና ያለ?» አለች እስክሪብቶዋን አንስታ።

ቀላሉ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ጠና ያለው ግን፣ የታመመው የወንጌል መልእክተኛ ቤተሰብ ከሆነ፣ ግልባጩ በዚያው ሳምንት ወደ ውጭ ይላካል። ይህን አላውቅም ነበር አልልሽም። ይህን አውቄ ነው የሄድኩት። «ጠና ያለ» አልኳት። ልጅቷ ብድግ ብላ የራሷን ወንበር ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። መቀመጡም ደስ አለኝ።

ረቡዕ ሰባት ሴቶች ሊጠይቁኝ መጡ። ድምፃቸውን ከደረጃው ስሰማ ከነጫማዬ አልጋ ውስጥ ገባሁ። እማማ ሬዲዮ ከራስጌዬ ተቀምጣ አየችኝ አየችኝና፣

«ፊትህ ግን ተላጭቷል። በሽተኛ ይላጫል እንዴ?»

«ልማድ ነው።»

የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አደረገችው። «ጫማስ?»

«እግሬን ይበርደኛል።»

«ክር ያለው ጫማ?»

«በጣም ይበርደኛል አልኩሽ እኮ!»

ብርድ ልብሱን መልሳ አለበሰችኝ። ደግነቷ ነው፤ የታመመ ሰው አይጨቀጨቅም ብላ። ሦስት ቀን ጾመችልኝ። ሴቶቹም በየተራ ሾርባ እያመጡ ሰነበቱ። ሾርባው ይጥም ነበር፣ እሱን አልክድም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔ ግን እያደር ይከብድ ጀመር። ግን አልተውኩትም። አንቺ በቤተ ክርስቲያኑ ስልክ የደወልሽ ቀን ያን ሁሉ ያሳልኩት ሆን ብዬ ነው። ሦስተኛው ሳል ላይ «አባዬ፣ እንመጣለን» አልሽ። ድምፅሽ ተሰብሮ ነበር። እኔ ስልኩን ስዘጋ እግሬ መሬት አልነካም። ልጄን አሳልቅሼ እንደ ሠርገኛ እየተንሳፈፍኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ክፍልሽን ነጭ ቀባሁት። በሽተኛ ግድግዳ አይቀባም፤ ስለዚህ በሩንና መስኮቱን ዘግቼ ነው የቀባሁት፤ በቀለሙ ሽታ እውነትም ሊያመኝ ነበር። ለልጆቹ ተደራራቢ አልጋ አሠራሁ። ማን ከላይ ማን ከታች እንደሚተኛ ሳይቀር ወሰንኩ። ሚጢጢ ከታች።

ከዚያ በኋላ ያለው እሑድ ደብዳቤሽ ተነበበ። በስድስት ሳምንት ውስጥ እንደምትመጡ። ተተኪ እንዳልተገኘ። የምርመራ ቤቱ እንደሚዘጋና መድኃኒት ካንቺ የሚወስዱት ስድሳ ስንት ሰዎች ከእንግዲህ የአንድ ቀን መንገድ በእግራቸው እንደሚሄዱ፣ መሄድ የሚችሉቱ ማለት ነው። ይህን ሁሉ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁት፤ ለማን ብዬ ልዘን፣ ልጄ እየመጣች! ቀጥሎ ግን መጋቢው ይህን አነበበ። «ለሽማግሌው እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ነበር። እሳቸው ግን 'አባትሽ ከታመመ ምን ትጠብቂያለሽ? ልጆቼ ሲሞቱ አጠገባቸው ነበርኩ። አጠገብ መሆን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሂጂ፤ ፂሜ ቢያድግ አልሞትም' አሉኝ።»

ሰዉ ሳቀም አለቀሰም። እኔ፣ ልንገርሽ፣ ደግነቱንም ቀናሁበት። ያለውን አንድ ሰው እንዲህ አንስቶ የሚሰጥ እሱ ማን ነው? ማንስ ስጠኝ አለው? ጉባኤው ተበተነ፤ ዳቦ ጋጋሪው «አትሄድም?» አለኝ። መነሳት አቃተኝ። «አጠገባቸው ነበርኩ» የምትለዋ ቃል አግዳሚው ላይ ሰፋችኝ።

እኔ አጠገቡ አልነበርኩማ።

ይህን በመካከላችን አውርተነው አናውቅም። ወንድምሽ ከመንገድ ሥራው ከስቶ ሲመለስ የጓሮውን ክፍል ሰጠነው። የበሽታውን ስም የክሊኒኩ ሰው በር ላይ ነገረኝ። ለአንቺ «ሳንባ ነው» አልኩሽ። አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር፣ ግን ታውቂ ነበር። በጸሎት ዝርዝሩም ላይ «የሳንባ ሕመም» ብዬ አስጻፍኩ። በዚያው ሰሞን አንድ የቆየ ደንበኛዬ፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ ሰውዬ፣ ሳሙና ፊቱ ላይ እንዳለ በመስተዋቱ ውስጥ አየኝና «ልጅህንም የምትላጨው በዚህችው ነው?» አለኝ ምላጩን እያየ። እየቀለደ ነበር፤ ግማሹን። እኔም አብሬው ሳቅኩ። በልጄ ሳቅኩ። ሳሙናው ፊቱ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ሳቅኩ።

ማታ ቤት ስገባ ወንድምሽ «አባዬ፣ ፂሜ በላኝ፤ ላጨኝ» አለኝ።

«እጄ ይንቀጠቀጣል» አልኩት።

ይህ እጅ እናትሽ የተቀበረች ቀን እንኳን አልተንቀጠቀጠም። እሱም አየው። እጄን በበሩ መቃን ላይ አስደግፌው ነበር፤ እንደ ምስማር ቀጥ ብሎ። «እሺ» አለኝ። አንቺ ከኋላዬ መጥተሽ፣ በጎኔ አልፈሽ፣ አዲስ ምላጭ ፈታሽ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ አየሁ። ፎጣውን፣ ሳሙናውን፣ ጉንጩን ስትወጥሪ። «ከንፈርህን በጥርስህ ላይ ወጠር አድርግ» ስትይው። ሲያልቅ ጉንጩን በመዳፉ ዳሰሰና «እጅሽ ከአባዬ እጅ ይቀላል» አለሽ።

ያን ጊዜ መጀመሪያ የተሰማኝ ኀፍረት ቢሆን ዛሬ ጥሩ ነበር። ኀፍረት አልነበረም። ቀናሁብሽ። የዕድሜ ልክ ሥራዬን በአንዲት ምላጭ ወሰድሽብኝ፤ ልጄንም ጨምረሽ። ወንድምሽ በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። ለቀስተኛው ሲጠይቀኝ «ሳንባ» አልኩ። አንቺም አጠገቤ ቆመሽ አላጋለጥሽኝም። ወቀሳ እጠብቅ ነበር፤ ዓመት ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ከዚያ ያን ሰባኪ አገባሽና በሽታው ወዳለበት አገር ሄድሽ። እኔ ለሰው «ባሏ ወሰዳት» እላለሁ። ባልሽ ምንም አላደረገኝም። የወጣሽበትን በር አውቀዋለሁ፤ እኔ የቆምኩበት በር ነው።

ባለፈው እሑድ መጋቢው ዝርዝሩን እያነበበ «በጠና የታመሙት አባታችን» ሲል ተነሳሁ።

«መጋቢ፣ እኔ አልታመምኩም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ መጋቢው። ጉባኤው በጭብጨባ ፈነዳ። ተፈወሰ ብለው ነው እኮ!

«አልተፈወስኩም!» አልኩ። የሚሰማኝ የለም። መዘምራኑ ሊነሱ ነው። አግዳሚውን በጡጫ መትቼ «ታምሜ አላውቅም ነው የምለው! ዋሽቼ ነው!» ስል ጭብጨባው እንደ ዝናብ ቀጥ አለ።

ከሁሉ ቀድማ እማማ ሬዲዮ ተነሳች። «የሦስት ቀን ጾሜስ?»

«አስቀምጪልኝ። መታመሜ አይቀርም።»

«አውቄ ነበር! ክር ያለው ጫማ!»

መጋቢው ዝም አሰኛትና «ለምን አባታችን?» አለኝ በቀስታ።

«ቀንቼ።»

«በማን?»

«በናንተ። ልጄን እናንተ ናችሁ የምታነቧት። ከማዶ ባለው ሽማግሌም። በሁሉም።» ጥቂቶች ሳቁ። እኔ ግን አልጨረስኩም። «ይህ ሁለተኛው ውሸቴ ነው። የመጀመሪያው ልጄ የሞተ ጊዜ ነው። በዚሁ ዝርዝር ላይ ሳንባ ብዬ አስጽፌ ነበር። ሳንባ አልነበረም። ኤድስ ነበር። ላጨኝ ሲለኝ እንቢ ብዬዋለሁ። ይህቺን የበሽታ ስም እዚህ ቤት ውስጥ የሰው አገር ስም ሳይጨመርባት ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም፤ ዛሬ እኔ ልጥራት ብዬ ነው።» ተቀመጥኩ።

መልካም ነገር ሆነ ብዬ አላስጌጥልሽም። የግብር መሥሪያ ቤቱ ሰውዬ ኮቱን አንስቶ ወደ ሌላ አግዳሚ ሄደ። ዳቦ ጋጋሪው እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገ። ስንወጣ እማማ ሬዲዮ ክንዴን ይዛ ወደ ግድግዳው ወሰደችኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር። በጆሮዬ፣ በሹክሹክታ፣ አንድ ነገር ነገረችኝ፤ ከዚያ «ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ። እሷ! የነገረችኝን ላንቺም አልጽፍልሽም። ግን ስለ ምርመራው ጠየቀችኝ፤ ደሙ ከየት እንደሚወሰድ፣ ውጤቱን ሌላ ሰው ያይ እንደሆነ። ከደብዳቤሽ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። ለካ ብዙ ሰምቼ ኖሯል። ማክሰኞ ክሊኒክ አጅቤያት ሄጃለሁ፤ ደጅ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት።

ሱቁ ቀዝቅዟል። ሰኞ ሁለት ሰው ብቻ መጣ። አንዱ «ምላጩ አዲስ ነው?» አለኝ ዓይኑን ሰብሮ። ከነወረቀቱ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት፤ «አንተው ፍታው» አልኩት። ፈታው። ተላጨ። አሁን ለሁሉም እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ጠየቀም አልጠየቀ።

ጸሐፊዋ ትላንት ሱቅ ድረስ መጥታ «አባባ፣ ትኬቱ ተቆርጧል፤ መቅረትም መምጣትም የልጅዎ ውሳኔ ነው። ኮሚቴው ከርስዎ ቃል ሳይደርሳት አይጠይቃትም። ልጻፍልዎ?» አለችኝ። እኔ እጽፈዋለሁ አልኳት። ይህ ደብዳቤ በሁለት ሳምንት ይደርስሻል ብላኛለች፤ ለመወሰን ጊዜ አለሽ።

እንግዲህ የሆነው ይኸው ነው። ቁጣሽን እችለዋለሁ። ቆጥተሽ ጻፊልኝ፤ ለጉባኤ ሳይሆን ለኔ፣ ከአራት መስመር የበለጠ አድርገሽ።

ለሽማግሌው ሰላምታ አልላክሁም። ገና ነኝ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ስለ ሥራው ነው እንጂ ስለሱ አይደለም። የታመመ ሰው ቆዳ ስስ ነው። ፎጣውን ከወትሮው እጥፍ አቆይው። አንገቱ ላይ ያለው ፂም ወዴት እንደሚበቅል መጀመሪያ በጣትሽ ዳብሺው፣ በበቀለበት አቅጣጫ ብቻ ላጪው፣ በአንድ ቦታ ላይ ሁለቴ አትመለሺ። ብትቆርጪው ጨርቁን እዚያው አቃጥዪ፣ እጅሽንም ጠብቂ። ይህን ሁሉ ታውቂዋለሽ። ቢሆንም።

ነጩ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ቀለሙ ደርቋል። ዝም ብል እንደምትመጪ አውቃለሁ፤ ይቅር ብለሽም ትመጫለሽ፤ ወንድምሽን ላልላጨው አባትም አዝነሽ ትመጫለሽ፤ ሚጢጢም ከታችኛው አልጋ ላይ ትተኛለች። ይህን ሳስብ እስክሪብቶውን አስቀምጣለሁ። ከላይ ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን ነው የጻፍኩት። ከታች ያለችው አንዲት ቃል ግን ሦስት ቀን ፈጅታብኛለች፤ እየቀናሁም ነው የጻፍኳት።

ቅሪ።

አባትሽ